መቀመጫው ሲነሣ፦ ስለ አሮጌ የኤሌክትሪክ የጎልፍ ጋሪ እድሳት አመዛዘን

በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ያለችው የኦጋስታ ከተማ ስሟ በጎልፍ ውድድሯ ይግነን እንጂ፣ ከታወቁት የጎልፍ ጋሪ ሠሪዎች መካከል ሁለቱ፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1954 በዚያው አካባቢ የተመሠረተው ኢ-ዚ-ጎና በኋላ ከቴክሳስ ወደዚያው የተዛወረው ክለብ ካር፣ መንበራቸውን በእርሷና በዙሪያዋ ማድረጋቸውን የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ከአትላንታ በስተ ደቡብ በምትገኘው በፒችትሪ ሲቲ ደግሞ ለእግረኛና ለእነዚሁ ጋሪዎች የተለየ ከ160 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ስላለ፣ ነዋሪው ወደ ገበያ፣ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በእነርሱ ነው። ከጎልፍ ሜዳ የተሰናበቱት አሮጌ ጋሪዎችም በየቤቱ ጋራዥ እየታደሱ ለሽያጭ ይቀርባሉ፤ በአትላንታ ዙሪያ የሚኖር ወገናችንም እንደማንኛውም ሰው ወደዚህ ገበያ ሲገባ፣ መልካሙን እድሳት ከመናኛው የሚለይበት ዐይን ያስፈልገዋል።

በቅሎ የሚገዛ ሰው ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባዋን ሳይመረምር ገንዘቡን እንደማይቈጥር፣ ጋሪ የሚገዛም ሰው ስለ አዲሱ ቀለም፣ ስለሚያብለጨልጨው ቸርኬና ስለ ጣሪያው የሚነገረውን ውዳሴ በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ መቀመጫውን ማስነሣት አለበት፤ የሠሪው ኅሊና የሚገለጠው በአፍአ ሳይሆን በውሳጤ፣ ባትሪዎቹ በተሰደሩበት ጓዳ ነውና። ለብዙ ዓመታት አሲድ ሲንጠባጠብበት የኖረ ብረት ቀስ በቀስ ይበላል። የኢ-ዚ-ጎ ሻንሲ ብረት ስለ ሆነ ከባትሪዎቹ ሥር መበስበሱ የተለመደ ነው፤ የክለብ ካር ሻንሲ አሉሚኒየም በመሆኑ ዝገት ባያውቀውም፣ በላዩ የታሰሩት የብረት ክፍሎችና ብሎኖች ግን ከዚህ ዕጣ አያመልጡም። ጨዋ ሠራተኛ አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥቦ ኀይሉን ያጠፋል፣ የበሰበሰውን ቈርጦ በጤነኛ ብረት ብየዳ ይተካል፣ ቀለም የሚያነሣውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ችኩሉ ግን በዝገቱ ላይ ጥቁር ቀለም ረጭቶበት ያልፋል። የተጠራጠረ ገዢ በካቻቢቴ መታ መታ አድርጎ ይሞክረው፤ ደኅና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፣ የበሰበሰው ግን ካቻቢቴውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመረምረው ገመዱን ነው፤ ብዙ ሰው ባትሪውን እያደነቀ ገመዱን ሳያይ ስለሚያልፍ፣ ሠሪውም የሚቈጥበው ሰው በማያይበት በዚያ ስለ ሆነ። ሒሳቡን እናስበው፤ ጋሪው ዳገት ሲወጣ 200 አምፒር ቢስብና፣ በአንድ የላላ ወይም የሻገተ መጋጠሚያ ላይ የአንድ ኦም 200ኛ እጅ ያህል ተቃውሞ ቢኖር፣ በዚያች ነጥብ ብቻ 1 ቮልት ይጠፋል፣ 200 ዋትም ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ሙቀት እየደጋገመ ሲመጣ የእርሳሱን ተርሚናል እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ስለዚህ ኃይል የተጨመረለት ጋሪ የፋብሪካውን ቀጭን ገመድ እንደ ያዘ ከተገኘ፣ እድሳቱ ከመነሻው ጐደሎ ነው። በአሜሪካ ልክ ቍጥር 6 የነበረው ገመድ ወደ ቍጥር 4 ወይም ወደ ቍጥር 2 መውፈር ይገባዋል፤ በዚህ ልክ ቍጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል። በገመዱ ጫፍ ያለው የመዳብ ቀለበት በመጭመቂያ መሣሪያ በወጉ የተጨመቀ፣ አንገቱም እርጥበት እንዳያስገባ በላስቲክ የተሸፈነ እንጂ በመዶሻ የተቀጠቀጠ እንዳይሆን ማየት ነው፤ ገመዱም በሻንሲው ስለታም ጠርዝ ላይ እየተሻሸ የሚያልፍ ከሆነ፣ ዛሬ ባይሆን አንድ ቀን ልባሱ ተልጦ አደጋ ያመጣል።

ቴስተር የያዘ ሰው ከዐይኑ አልፎ መመስከር ይችላል። ጋሪው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ አንደኛውን ጫፍ በባትሪው ተርሚናል ላይ፣ ሁለተኛውን በገመዱ የመዳብ ቀለበት ላይ ቢያሳርፍ፣ መልካም መጋጠሚያ ከጥቂት መቶኛ ቮልት በላይ አያሳይም፤ ከዚህ እጅግ የበለጠ ያሳየው ግን እንደገና መፈታት አለበት።

ስለ ባትሪዎቹ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ 36 ቮልት የሆነው ጋሪ ስድስት ባለ 6 ቮልት፣ 48 ቮልት የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ባለ 8 ቮልት ባትሪ ይይዛል። ሆኖም በተከታታይ በተያያዙ ባትሪዎች መካከል ሥልጣኑ የደካማው ነው፤ በአምስት አሮጌዎች መካከል አንድ አዲስ ያስገባ ሠሪ የሠራው እድሳት ሳይሆን ሽፋን ነው። ባትሪዎቹ ተሞልተው ጥቂት ሰዓት ካረፉ በኋላ እያንዳንዱ ባለ 6 ቮልት ወደ 6.37 ገደማ ማሳየት አለበት፤ ይልቁንም የሚመዘነው የሁሉም እኩልነት ነው። ሌላው ምልክት መብራቱ ነው፤ ሰነፍ ሠሪ 12 ቮልት ለማግኘት ከስድስቱ ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ከሁለቱ ብቻ ገመድ ይስብና እነዚያን ሁለቱን ከወንድሞቻቸው ቀድሞ ያደክማቸዋል፣ አስተዋዩ ግን ከሙሉው ቮልት ወደ 12 የሚያወርድ መሣሪያ ይተክላል። በመብራቱ ገመድ መነሻ ብቻ የሠሪውን ዕውቀት ልክ መናገር ይቻላል ብል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ዛሬ ውዳሴው ሁሉ ለሊቲየም ሆኗል። በእርግጥ እያንዳንዳቸው ወደ 28 ኪሎ የሚመዝኑ ስድስት የእርሳስ ባትሪዎች ወጥተው በቀላል ሊቲየም ሲተኩ ጋሪው ከብዙ ሸክም ይገላገላል። ነገር ግን 3.2 ቮልት የሆኑ 16 ሕዋሳት ተያይዘው 51.2 ቮልት ሲሆኑ የሚጠይቁት ሥርዓት የራሳቸው ነው፤ ለእርሳስ ባትሪ የተሠራው አሮጌው ቻርጀር በላያቸው ላይ ከቀረ፣ ወይም በአጠገባቸው ተገቢ ፊውዝ ከሌለ፣ ወይም ከበረዶ ነጥብ በታች ሲቀዘቅዙ መሞላታቸውን የሚከለክል ጠባቂ ካልተገጠመላቸው፣ ዋጋቸው ውድ ቢሆንም ሥራው ርካሽ ነው። ጠባቂው ራሱ የሚፈቅደው አምፒር የፍጥነት መቈጣጠሪያው ከሚጠይቀው ካነሰም፣ ጋሪው በሜዳ እየበረረ ሄዶ በዳገት መካከል ድንገት ይጠፋል፤ ስለዚህ ሻጩ በሜዳ ብቻ ካስነዳህ ዳገት ጠይቀው።

ሞተሩን በሚመለከት አጭር ቃል ይበቃል። የካርቦኖቹ መሮጫ የሆነው መዳብ ልሙጥና ቡናማ ሲሆን ጤነኛ ነው፤ የጠቈረና የተቦረቦረ ከሆነ ግን ሞተሩ ተፈትቶ አልተመረመረም ማለት ነው። ዋናው ሶሌኖይድ ከመዘጋቱ አስቀድሞ የመቈጣጠሪያውን ካፓሲተሮች በዝግታ የምትሞላ ትንሽ ሬዚስተር መኖሯንም ልብ ይሏል፤ እርሷ ከተረሳች ሶሌኖይዱ በተዘጋ ቍጥር በብልጭታ ኮንታክቱን ያቃጥላል። ኋላ ጎማውን በክሪክ አንሥቶ ጉልበቱን ለማሳየት ሞተሩን በሙሉ ኃይል የሚያስጮኽ ሻጭ ካጋጠመህ ግን ብትሸሽ ይሻልሃል፤ ሲሪስ የሚባለው ሞተር ያለ ጭነት ሲለቀቅ ፍጥነቱ ወሰን ስለሌለው ራሱን ሊበትን ይችላል።

የፍጥነት ነገር ከፍሬን ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም። እነዚህ አሮጌ ጋሪዎች በአብዛኛው ፍሬናቸው በኋላ ጎማዎች ብቻ ያለ፣ በሽቦ የሚሳብ የከበሮ ፍሬን ነው፤ የተሠራውም በሣር ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ጋሪ ነበር። ሠሪው ሞተሩንና መቈጣጠሪያውን ለውጦ ጋሪውን ካፈጠነው በኋላ የፍሬኑን ሸራና ሽቦ፣ የመሪውን መጋጠሚያዎችና ባሌስትራውን እንደ ነበሩ ከተወ፣ የጨመረው ነገር ውበት ሳይሆን አበሳ ነው። ከዚህም ላይ ወገቡን ከፍ አድርገው ትልልቅ ጎማ የሚያስሩለት አሉ፤ ይህ ለሥዕል ያምር ይሆናል፣ ለእኔ ግን ሚዛኑን ወደ ላይ አንሥቶ በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ የሚያዘጋጅ ከንቱ ጌጥ ነው። የአሜሪካ ሕግም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ፍጥነቱ ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚደርሰውን ጋሪ ከጎልፍ ጋሪ ለይቶ መብራት፣ መስታወትና የደኅንነት ቀበቶ እንዲኖረው ስለሚያዝ፣ ፍጥነት የጨመረ ሠሪ እነዚህን ሳያሟላ ቢሸጥ ገዢውን ከሕግ ጋር ያጋጨዋል።

በመጨረሻም ሻጩን የገመዱን አሠራር የሚያሳይ ሥዕል እንዳለው ጠይቀው፤ በገዛ እጁ የተነደፈና በላብ የቈሸሸ ወረቀት ቢሆን ይበቃል። ከዚህ ቀጥሎ ያልሠራኸው ምንድን ነው በለው። ሁሉን አድሻለሁ ከሚለው ይልቅ፣ የፊት ባሌስትራው ቡሽ ገና አልተለወጠም፣ የመሪው ሳጥንም ትንሽ ልቅነት አለው ብሎ በጣቱ ለሚያሳየኝ ሰው፣ እኔ ዋጋ ለመጨመር አላመነታም።