ከሚያስፈራው ቤት በስተጀርባ

ስለ ጅንና ስለ ሙታን መንፈስ የሚተርኩ መጻሕፍት በልጆቻችን እጅ ሲገኙ ወላጆች ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጡ ይስተዋላል። አንዳንዱ «ተረት ነው፤ ምን ያደርጋል?» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ደግሞ ሽፋኑን ብቻ አይቶ መጽሐፉን ይነጥቃል። ሁለቱም አላነበቡትም። አንድን መጽሐፍ ለማመስገንም ሆነ ለመንቀፍ ግን መጀመሪያ አንብቦ፣ ከዚያ ደግም ክፉም ጎኑን በሚዛን ማስቀመጥ የፍትሕ ግዴታ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመዝነው እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሱዛን ሂል እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመችውን «ዘ ውማን ኢን ብላክ» (ጥቁር ለባሿ ሴት) የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ በ1987 በስቲቨን ማላትራት ለመድረክ ተዘጋጅቶ በለንደን ከ1989 እስከ 2023 ድረስ ከ30 ዓመታት በላይ ታይቷል። በ2012 ደግሞ ዳንኤል ራድክሊፍ የተወነበት ፊልም ሆኗል። ስለዚህ መጽሐፉን ያላነበበ ልጅ እንኳ ታሪኩን በፊልም ሊያገኘው ይችላል። መጨረሻውን ሳይናገሩ ድክመቱን ማሳየት ስለማይቻል ታሪኩን እስከ ፍጻሜው እናነሳለን።

ታሪኩ ባጭሩ

አርተር ኪፕስ ለንደን ውስጥ በአንድ የሕግ ጉዳይ ቢሮ የሚሠራ ወጣት ነው። አሠሪው ሚስተር ቤንትሊ አሊስ ድራብሎው የተባሉ አሮጊት ደንበኛቸው መሞታቸውን ይነግሩትና ቀብራቸው ላይ እንዲገኝ፣ በቤታቸው የተከማቸውንም ወረቀት አገላብጦ የሚጠቅመውን እንዲለይ ይልኩታል። የሟቿ ቤት ኢል ማርሽ ሀውስ ይባላል። ክራይቲን ጊፎርድ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ በረግረግና በባሕር መካከል ብቻውን የቆመ ቤት ነው። ኪፕስ በቀብሩ ላይ ፊቷ በበሽታ የመነመነ፣ ጥቁር የሐዘን ልብስ የለበሰች ሴት ያያል። ስለ እርሷ ሲጠይቅ አብሮት የነበረው የአገሩ ሰው ሚስተር ጄሮም በፍርሃት ይርዳል እንጂ መልስ አይሰጥም። በከተማዋም ስለዚያ ቤት ደፍሮ የሚናገር አይገኝም።

ኪፕስ በመጨረሻ በቤቱ ካገኛቸው ደብዳቤዎችና ሳሙኤል ዴይሊ ከተባሉት የአካባቢው ባለጸጋ አንደበት እውነቱን ይረዳል። ከ60 ዓመት ገደማ በፊት ጄኔት ሃምፍራይ የተባለች ወጣት ሳታገባ ወንድ ልጅ ትወልዳለች። ቤተሰቧም ሕፃኑን ላገባችው እህቷ ለአሊስ እንድትሰጥ ያስገድዷታል። ናትናኤል የድራብሎው ልጅ ተብሎ ያድጋል። ጄኔት ስንት ጊዜ ለምና አልፎ አልፎ ልታየው ቢፈቀድላትም እናቱ መሆኗን እንዳትነግረው ትከለከላለች። አንድ ቀን ሕፃኑ ከሞግዚቱ ጋር የተሳፈረበት የፈረስ ጋሪ በጉም ውስጥ መንገድ ስቶ ማጡ ይውጠዋል። ጄኔት ይህን በመስኮት ቆማ ታያለች። በሐዘንና በጥላቻ ተቃጥላ፣ በበሽታም መንምና ትሞታለች። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ለባሿ በታየች ቁጥር በዚያ አገር አንድ ሕፃን ይሞታል።

ጠንካራ ጎኖቹ

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ብርታት ፍርሃቱን ከመሬቱ ማውጣቱ ነው። ወደ ቤቱ የሚያስገባው አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። ባሕሩ ሲሞላ መንገዱ ከውሃ በታች ይሆናል፤ ሲጎድል እንደገና ይገለጣል። ኬክዊክ የተባለው ባለጋሪ የባሕሩን ሰዓት ጠብቆ ካልሆነ ሊመጣ አይችልም። በብዙ አስፈሪ ልብ ወለዶች ባለታሪኩ «ለምን ወጥቶ አይሄድም?» ብለን እንጠይቃለን። እዚህ ግን ጥያቄው አይነሳም። ኪፕስን የያዘው የደራሲዋ ፈቃድ ሳይሆን ውሃው ነው። በክረምት ወንዝ ሞልቶበት ከማዶ ያደረ የገጠር ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ሁለተኛው ብርታት ከዓይን ይልቅ በጆሮ ማስፈራቱ ነው። ኪፕስ በጉም ውስጥ ቆሞ የፈረስ ኮቴና የጋሪ ድምፅ ይሰማል። ባለጋሪው ሊወስደው የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ድምፁ አቅጣጫውን ይስታል፤ ፈረሱ ይጮኻል፤ የሕፃን ዋይታ ይሰማል፤ ከዚያም ሁሉም በውሃ ይዋጣል። የታየ ነገር ግን የለም። አንባቢው የዚያ ድምፅ ትርጉም የሚገባው ብዙ ገጾች ካለፉ በኋላ፣ የናትናኤልን አሟሟት ሲያነብ ነው። በተዘጋው ክፍል ውስጥ የሚሰማውም ድብደባ እንዲሁ ነው። በሩ ሲከፈት የሚገኘው ጭራቅ ሳይሆን ባዶ የሚወዛወዝ ወንበርና በሥርዓት የተቀመጡ የሕፃን መጫወቻዎች ናቸው። ደራሲዋ ያለ ደም፣ ያለ ጸያፍ ቃልና ያለ ብልግና እዚህ መድረሷ የሚመሰገን ነው።

ሦስተኛው ብርታት በመክፈቻው ላይ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ኪፕስ ሸምግሎ፣ ሁለተኛ ሚስቱንና ያደጉ ልጆቿን ይዞ በገና ዋዜማ በተቀመጠበት ነው። የእንጀራ ልጆቹ እየተሳሳቁ የሙታን መንፈስ ተረት ይፎካከራሉ። ተራው ለእርሱ ሲደርስ ግን ተነሥቶ ይወጣል። ለልጆቹ ጨዋታ የሆነው ነገር ለእርሱ ያልሻረ ቁስል ነው። በፍርሃት መዝናናት የሚችለው ያልደረሰበት ሰው ብቻ መሆኑን ይህች አጭር ትዕይንት ያለ ስብከት ታስተምራለች።

ከሁሉም በላይ ግን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ክፋት ከቤቱ ግድግዳ አልበቀለም። ከሰው ሥራ ነው የመጣው። ጄኔትን ከልጇ የነጠላት ጅን ሳይሆን የገዛ ወገኖቿ ናቸው። ምክንያቱም እኛ በደንብ የምናውቀው «ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ይሉኝታ ነው።

ደካማ ጎኖቹ

ይህን የመሰለ መሠረት የጣለች ደራሲ በላዩ የገነባችው ግን ከመሠረቱ ያነሰ ነው።

በመጀመሪያ፣ የተበደለችው ሴት አንደበት የላትም። ድምጿን የምንሰማው በጥቂት አሮጌ ደብዳቤዎች ብቻ ነው። እነዚያ ደብዳቤዎች ልጇን የሙጥኝ ያለች እናት ያሳዩናል። ደብዳቤዎቹ ሲያልቁ ግን እናትነቷም አብሮ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የምትቀርበው ክፉ ፊት ሆና ብቻ ነው። ኪፕስ ደብዳቤዎቹን ሲያነብ ይራራላታል። ሆኖም ያ ርኅራኄ ወዴትም አይደርስም። ሰነድ መመዘን ሥራው የሆነ፣ ሕግ የተማረ ሰው ሆኖ «ይህን በደል የሠራው ማን ነው?» ብሎ አጥብቆ አይጠይቅም። አሊስ ድራብሎውም የእህቷን ልጅ ወስዳ፣ ልጁ ከሞተ በኋላ ያን ሁሉ ዘመን በዚያ ቤት ስትኖር ምን ይሰማት እንደነበር መጽሐፉ አይነግረንም። በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ልንሰማት የሚገባን ሴት ሬሳ ሳጥን ውስጥ ሆና ትገባለች፤ እንደተዘጋባትም ታልፋለች።

ሁለተኛ፣ የከተማዋ ዝምታ አይመረመርም። ጄሮም ያውቃል፤ ኬክዊክ ያውቃል፤ ዴይሊም ያውቃሉ። ዴይሊ ኪፕስን «ወደዚያ ቤት አትመለስ» ብለው ይመክሩታል። ውሻቸውንም እንዲጠብቀው ይሰጡታል፤ በመጨረሻም መጥተው ያወጡታል። ምክንያቱን የሚነግሩት ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ደራሲዋ ይህን ዝምታ አንባቢን ለማጓጓት ትጠቀምበታለች እንጂ አትፈርድበትም። በደሉ የተፈጸመው በዝምታ ነው፤ የቀጠለውም በዝምታ ነው። ይህ የመጽሐፉ እውነተኛ ጭብጥ ሊሆን ሲችል መጋረጃ ሆኖ ቀርቷል።

ሦስተኛው ድክመት ፍጻሜው ነው። ኪፕስ ወደ ለንደን ተመልሶ ስቴላን ያገባል፤ ልጅም ይወልዳል። አንድ ቀን ስቴላና ሕፃኑ በመናፈሻ ውስጥ በፈረስ ጋሪ ሲንሸራሸሩ ጥቁር ለባሿ ብቅ ትላለች። ፈረሱ ይደነብራል፤ ጋሪው ከዛፍ ይላተማል። ሕፃኑ ወዲያው፣ እናቱም ከወራት በኋላ ትሞታለች። ምቱ ድንገተኛና ከባድ ነው። ግን ስቴላ ማን ነበረች? ስለ ጠባይዋም ሆነ ስለ ሐሳቧ የምናውቀው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ወደ ታሪኩ የመጣችው ለመሞት ይመስላል።

«ደራሲዋ ልታሳይ የፈለገችው በቀል ዕውር መሆኑን ነው፤ ፍትሕ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ አያስፈራም ነበር» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ተራ አይደለም። ዕውር በቀል በእውነቱ ዓለምም አለ፤ ደም የተቃቡ ወገኖች ያልበደለውን ዘመድ ሲገድሉ አይተናል። ነገር ግን የበቀልን ዕውርነት ማሳየት የሚቻለው ቢያንስ አንድ የሚያይ ሰው በታሪኩ ውስጥ ሲኖር ነው። እዚህ ሁሉም ይፈራል፤ ማንም አይፈርድም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎችም ይህ ጉድለት ሳይታያቸው አልቀረም። በእነርሱ አቀራረብ ኪፕስ የሕፃኑን አስከሬን ከማጡ አውጥቶ ከእናቱ ጋር በማገናኘት በደሉን ሊያስተካክል ይሞክራል። በቀሉ ግን በፊልሙም አይቆምም።

ከእምነታችን አንጻር

መጽሐፉ የሙታንን መመለስ ስለሚተርክ በዚህ ላይ ዝም ማለት አይቻልም። ጅን የአላህ (ሱ.ወ) ፍጡር መሆኑን፣ ከእነርሱም መካከል ደጉም ክፉውም እንዳለ እናምናለን። የሞተ ሰው ነፍስ ግን እስከ ትንሣኤ ቀን በበርዘኽ ናት። እንዳሻት እየወጣች የሰው ልጅ አትገድልም። ዕድሜም በአላህ እጅ እንጂ በተቆጣች ሴት እጅ አይደለም። ይህን በሚገባ የተማረ ልጅ መጽሐፉን እንደ ተረት ያነበዋል። ያልተማረው ግን ፍርሃቱን ከእምነቱ ጋር ሊያደባልቀው ይችላል።

የጄኔት ጉዳይ ግን ከጅኑ ይልቅ ሊያስጨንቀን ይገባል። ዝሙት በእስልምና ከባድ ወንጀል ነው። የተወለደው ሕፃን ግን ምንም ወንጀል የለበትም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ የዘር ሐረጉ ወደ እናቱ ይቆጠራል እንጂ ለሌላ አባት ተሰጥቶ ማንነቱ አይደበቅም። የሌላውን ልጅ ማሳደግ ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ የትውልድ ሐረጉን መሰረዝ ግን ቁርኣን ከልክሏል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ትንሽ ወፍ ስትንቆራጠጥ ባዩ ጊዜ እንዲመለሱላት ማዘዛቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ለወፍ ይህ ከተደረገ ለሰው እናትማ እንዴት ይሆን? አንዱ የሌላውን ኃጢአት እንደማይሸከምም ቁርኣን ደጋግሞ ያስተምረናል። የክራይቲን ጊፎርድ ሕፃናት የጄኔትን ወገኖች ዕዳ እንደማይከፍሉ ሁሉ ናትናኤልም የእናቱን ስሕተት ሊከፍል አይገባውም ነበር። መጽሐፉ የመጀመሪያውን ግፍ ያስጮኸዋል፤ ሁለተኛውን በሹክሹክታ ያልፈዋል።

ለወላጆች

መጽሐፉ ለሕፃናት አይሆንም። የሕፃን ሞት የታሪኩ መቋጫ ነውና እንቅልፍ ይነሳል። ፊልሙማ ይብሳል። ከ15 ዓመት በላይ ለሆነና የእምነቱን መሠረት ለሚያውቅ ወጣት ግን መከልከል አያስፈልግም። እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው፤ ስለ አገርና ስለ አየር እንዴት እንደሚጻፍ ለመማር ይጠቅማል። ከምሽት አዝካሩ ጋር በቀን ብርሃን ያንብበው።

ካነበበ በኋላ ግን «አስፈራህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ጄኔትን ከልጇ የለያት ማን እንደሆነ ይጠየቅ። የከተማው ሰው ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ይጠየቅ። በእኛ ሠፈርስ ለቤተሰብ ስም ሲባል የሚደበቅ፣ «አክስትህ ናት» ተብሎ ከእናቱ የሚለይ ልጅ የለምን? ለዚህኛው ጥያቄ መልስ የሚፈለገው ከልጁ ብቻ አይደለም፤ ከጠያቂው ወላጅም ነው።

ወላሁ አዕለም።