«እስኪ አንቺ ንገሪኝ»

አትላስ አካባቢ በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክፍል የምክር አገልግሎት የምሰጥ ነርስ ነኝ። ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ የሰፈራቸው ሰው እንዳያያቸው ከሩቅ ታክሲ ይዘው የሚመጡ ናቸው፤ ሌሎቹ እዚሁ ሆቴልና ካፌ የሚሠሩ።

ለማንኛቸውም «ገባሽ?» ወይም «ገባህ?» ብዬ አልጠይቅም። ይሉኝታ የያዘው ሰው፣ ውጭ ወረፋው ተሰልፎ እያለ፣ «አልገባኝም ሲስተር» አይልም። ስለዚህ «ነገ መድኃኒት ለሚጀምር ሰው ምን ብለሽ ታስረጂዋለሽ? እስኪ ንገሪኝ» እላለሁ። ሥራዬ የሚጀምረው ከዚያ መልስ ነው።

ለአንዲት አስተናጋጅ ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ መድረሱን ነገርኳት። መልሳ ስታስረዳኝ «ከደሜ ጠፍቷል፣ እንግዲህ ከክኒኑ አረፍኩ» አለች። ቫይረሱ ምርመራው በማይደርስበት ሕዋስ ውስጥ ተኝቶ እንደሚቆይ፣ ክኒኑ ከቆመ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ እንደሚራባ አስረዳኋት። ሳታቋርጥ ወስዳ በዚሁ ደረጃ እስከቆየች ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ጓደኛዋ እንደማይተላለፍም ጨመርኩ። ዝም ብላ ቆየችና «ልጅስ ሲስተር?» አለችኝ። ለካ ከመጣች ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የነበረው ጥያቄ ይኸው ነው! ስለ እርግዝና ያወራነው ስለ ክኒኑ ካወራነው ረዘመ። ክኒኗን እንዳታቋርጥ የሚያደርጋትም ይኸው የልጅ ተስፋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰዓቱንም ከኑሮዋ ጋር አስማማነው። መጀመሪያ የያዘችው የምሽቱን 3 ሰዓት ነበር፤ ያ ግን ትሪ ይዛ የምትሯሯጥበት ሰዓት ነው። ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ከቀኑ 9 ሰዓት መረጠች፤ ለጾሟም ተስማማት። ጨጓራ እንዳለባትም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ክኒኗ ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር የተባለው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ካለበት የጨጓራ መድኃኒት ጋር አብሮ ከተዋጠ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም፤ ከእሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት።

ጸበል የሚጠመቁ፣ ክኒኑ ከእምነታቸው ጋር የሚጋጭ የሚመስላቸውም አሉ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ምእመናንን በይፋ መክረው ነበር፤ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይፈታል።

በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ጭንቀቱ መድኃኒቱን ማግኘት ነበር። ዛሬ ደህና የሆነ ታካሚ የ6 ወር ክኒን ይዞ ይሄዳል፤ የምንገናኘው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የጤና ተቋም ኃላፊዎች ሆይ፣ እነዚያን ሁለት ቀናት በፊርማና በክኒን ማደል ብቻ እንዲያልቁ አታድርጉብን፤ ታካሚው የገባውን በራሱ አንደበት የሚናገርበት ጊዜ ስጡን።