ሸክሙ የሌለበት ግጥም

በዘንድሮው የንባብ ምሽቶቻችን ከቀረቡት ግጥሞች አብዛኞቹ ስለ ተፈጥሮ ናቸው። ምንጩ ይንፎለፎላል፣ ወፉ ይዘምራል፤ ገጣሚውም ሲሚንቶና ስልክ አነቀኝ ይልና ወደ ጫካው መመለስ ያምረዋል። ጭብጨባው ይቀልጣል። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ይባስ ብዬ አምና አንድ ጽፌያለሁ። ስለዚህ ሂሱ አስቀድሞ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

ቤታችን ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ግጥሜ ከወጨጫ በኩል ስለሚመጣው የባሕር ዛፍ ሽታ ነበር፤ «ጥንታዊ፣ እጅ ያልነካው» ብዬዋለሁ። ጮክ ብዬ ሳነበው እናቴ ዘንድ ቡና የሚጠጡ ጎረቤታችን ሰሙኝ። እኚህ ሴት ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ከተራራ እያወረዱ ልጆች ያሳደጉ ናቸው።

«ያምራል የኔ ልጅ» አሉኝ ስኒያቸውን እያስቀመጡ፤ «ግን እንጨቱን ማን ተሸከመው?»

«የቱን እንጨት እትዬ?»

«ሽታው የሚብሰውማ ሲቆረጥ ነዋ!»

መልስ አልነበረኝም። እስቲ አሁን «ጥንታዊ» የምትለዋን ቃል እንያት። ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ባሕር ተሻግሮ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት፣ ንጉሡም ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሳለ፣ ከተማዋን ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ይህ ዛፍ ነው። የተተከለው ሊነድ ነው። ከወጨጫ ማዶ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን እንኳ በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እጅ ያልነካው ያልነው ሁሉ እጅ አለበት። ግጥማችን እጁን ቆርጦ ጥሎ ቅጠሉን ብቻ ያስቀራል።

«ከተፈጥሮ ተለያየን» የሚለው ሮሮም እንዲሁ ነው። መቼ ተለያየን? ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ግድም ተነሥቶ በምዕራቡ የከተማችን ክፍል ሲወርድ የቤቱንም የፋብሪካውንም እጣቢ ይጠጣል። በዳርቻው ጎመንና ቆስጣ ይለማበታል፤ ጎመኑ ጉሊት ይወጣል፤ እኛም ገዝተን እንበላለን። ከዚህ የቀረበ ዝምድና ከየት ይመጣል! ወንዙ ሆዳችን ውስጥ ነው፤ ግጥማችን ውስጥ ግን የለም። ግጥም ውስጥ የሚገባው ማንም ያላየው፣ ስም የሌለው፣ «ኩልል» የሚለው ወንዝ ነው።

አንድ ወዳጄ «ግጥም እኮ የቀበሌ ሪፖርት አይደለም» ሲል ተከራክሮኛል። ልክ ነው። ናፍቆቱም የሐሰት ነው አላልኩም። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ዛፍ ሥር ለመቀመጥ የሚወጣውን ሰው ያየ ናፍቆቱን አይክድም። እኔ የምለው ናፍቆቱ አድራሻ ይኑረው ነው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «አደፍርስ» ውስጥ የተማረው ወጣት ባላገሩ መካከል ገብቶ ይናገራል፣ ይናገራል፣ አይጠግብም፤ አገሩ ግን ለእሱ ንግግር ማጀቢያ ሆኖ አልተሣለም። ዳገቱ ስም አለው፤ መሬቱ ላይ የሚኖርበት፣ የሚከራከርበት ሰው አለ። ድርሰቱ ቋንቋው ከባድ ነው እየተባለ ይታማል፤ እኔንም አንዳንድ ገጹ አድክሞኛል። ቢሆንም ደራሲው አገሩን ሲሥል ሰዎቹን ከሥዕሉ አላስወጣም። እኛ በአሥራ ሁለት ስንኝ ሁሉንም አስወጥተን ብቻችንን እናለቅሳለን።

ያንን ግጥሜን ለዚህ እትም ሰጥቼ ነበር፤ መልሼ ወስጄዋለሁ። እትዬን ሸክም እንዴት እንደሚታሰር ጠይቄያቸው፣ ገመዱ ደረት ላይ የት እንደሚያርፍ በነጠላቸው አስረው አሳዩኝ። አዲሱ ገና ሁለት ስንኝ ነው፤ ሁለቱም ስለ ገመዱ ናቸው።