የአበበች ጎበና ታሪክ በመድረካችን፦ መንገድ ዳር ላይ የሚያበቃ ስብከት

ስለ ታማኝ አገልግሎት በሚሰበክባቸው መድረኮቻችን ላይ የክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ታሪክ ያልሰማ ምእመን ጥቂት ይመስለኛል። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በስብከቱ መጨረሻ፣ ጥሪ ሊደረግ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው። አንዲት ሴት በወሎ መንገድ ስትሄድ ከሞተች እናት ጎን የወደቀ ሕፃን ታያለች፤ አንሥታ ይዛው ትመጣለች፤ ከዚያም በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ያድጋሉ። ሰባኪው «አንድ ሰው ብቻ!» ይላል፤ ጉባኤው «አሜን» ይላል። ታሪኩ በዚህ መልክ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይፈጃል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የወይዘሮ አበበችን ሥራ ሳይሆን የእኛን አተራረክ ነው። ሥራቸው የእኛን ማረጋገጫ አይፈልግም። አተራረካችን ግን ነገረ መለኮት አለው፤ አገልግሎት ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚያገለግልና ማን እንደሚገለገል በዝምታ ያስተምራል። እኔ እንደማየው የሚያስተምረው ነገር ከሉቃስ ወንጌል ጋር አይስማማም።

አስቀድሜ የሚታወቀውን ላስቀምጥ፤ ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ወይዘሮ አበበች የተወለዱት በ1935 በሰሜን ሸዋ ነው። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲሞቱ ገና ጨቅላ ነበሩ፤ ያደጉትም በአያቶቻቸው እጅ ነው። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ፤ ከዚያ ጋብቻ አምልጠው አዲስ አበባ ገቡ፤ ተማሩ፤ በቡናና እህል ንግድ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ሠሩ። በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። አካባቢው በረኃብ ተመትቶ ነበር። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ፤ ሁለት ልጆችንም ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ከልጆቹና ከትዳሩ አንዱን እንዲመርጡ ሲጠይቋቸው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆቹን አሳደጉ፤ ይህም በኋላ በስማቸው የሚጠራ ድርጅት ሆነ። ጁላይ 4 ቀን 2021 በኮቪድ ምክንያት በ85 ዓመታቸው አረፉ።

ስብከታችን ከዚህ ሁሉ የሚያነሣው መካከለኛውን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ይቀራል፤ ያለ አባት ያደገች፣ ያለ ፈቃዷ የተዳረች፣ የሸሸች ልጅ። ከእርሱ በኋላ ያለውም ይቀራል።

በኋላ ስላለው ልቆይ። ሉቃስ 10፥25-37ን ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው ሳምራዊው በቆመበት ቅጽበት ላይ ነው። ጽሑፉ ግን እዚያ አይቆምም። ሳምራዊው ቁስሉን ያጥባል፣ ያስራል፣ በገዛ አህያው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ይወስደዋል፣ ሌሊቱን ይጠብቀዋል፤ በማግሥቱም ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማደሪያው ጠባቂ ይሰጣል። ማቴዎስ 20፥2 እንደሚያሳየን አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ከዚያም በላይ ለሚያስፈልገው ወጪ መጠኑን ሳይወስን ቃል ይገባል፤ ማለትም ልክ የሌለው ዕዳ ይፈርማል። ስለ ርኅራኄው የተነገረው በአንድ ግስ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሥራና ሒሳብ ነው። የሕግ አዋቂውም ለጥያቄው መልስ ሲሰጥ የሚያነሣው የሳምራዊውን ስሜት አይደለም፤ ምሕረት ማድረጉን ነው።

በወይዘሮ አበበች ሕይወት ማደሪያው ያለው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በመንገድ ዳር የተደረገው ውሳኔ የደቂቃ ጉዳይ ነበር። 21 ልጆችን ጠዋት ማብላት፣ ማታም ማብላት፣ በማግሥቱም እንደ ገና መጀመር ግን የዓመታት ጉዳይ ነው። ገቢው ከሽያጭ ከሆነ ያልተሸጠ እንጀራ ምን ማለት እንደ ሆነ የጉሊት ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የልጆቹን ሕይወት የለወጠው ይህ ድግግሞሽ ነው። የሚያሳዝነው ግን ድግግሞሽ ለስብከት አይመችም፤ ከፍታ የለውም፣ ጭብጨባ አያስነሣም። ስለዚህ እናስቀረዋለን። ይህን ሰምቶ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ የሚላክ ወጣት ወንጌላዊ የመንገድ ዳሩን ቅጽበት እየጠበቀ ይኖራል፤ በሁለተኛው ዓመት የሚያገኘው ግን ማደሪያውን ነው። ያኔ የወደቀ ይመስለዋል። አገልግሎቱ የተጀመረው ግን ያኔ ነው።

የባለቤታቸውን ጉዳይ ሰባኪዎቻችን ሁለት ዓይነት አድርገው ያልፉታል፤ ወይ ጨርሶ አያነሡትም፣ ወይ ሰውየውን የታሪኩ ክፉ ያደርጉታል። ሁለቱም ማምለጫ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ትዳርን አክብራ ታስተምራለች፤ 1 ጢሞቴዎስ 5፥8ንም ለቤተ ሰቡ የማያስብን ሰው ለመገሠጽ በተደጋጋሚ እንጠቅሳለን። እንግዲያው አንድ ታማኝ አገልግሎት ትዳር ሲያስከፍል ምን እንላለን? ሃያ አንድ ልጆች በድንገት የገቡበት ቤት የሁለት ሰዎች ቤት ነበር። ወይዘሮ አበበች ትክክል መረጡ ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ይህን የምልበት ምክንያት ሊኖረኝ ይገባል፤ ታሪኩን አሳጥሬ ከጥያቄው መሸሽ አልችልም። የሥነ ምግባር መምህራኖቻችን በዚህ ላይ ቢጽፉ ከብዙ የትዳር ሴሚናር ይበልጥ ይጠቅመናል።

ሌላው የምናስቀረው ነገር የበለጠ ያሳፍረኛል። ወይዘሮ አበበች ወደ ወሎ የሄዱት ለዕርዳታ ሥራ አልነበረም፤ ለመሳለም ነበር። ያካፈሉትም ዳቦ ብቻ አልነበረም፤ አምስት ሊትር ጠበል ጭምር ነው። በእኛ መድረክ ላይ ግሸን ማርያም «ወሎ» ትሆናለች፤ ጠበሉም ይጠፋል፤ ወይም ዝም ብሎ «ውኃ» ይባላል። ተሳላሚዋ «አንዲት ክርስቲያን ሴት» ትሆናለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስለ ጠበልና ስለ ተሳላሚነት ያለን አቋም ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ይለያል፤ ሰባኪውም ጉባኤውን ማደናገር አይፈልግም። አቋማችንን እንያዝ። ነገር ግን የሰውን ምግባር ወስዶ እምነቱን መጣል ስርቆት ይመስላል። ጌታ ምሳሌውን ሲናገር ሳምራዊውን አስቀድሞ አይሁዳዊ አላደረገውም። የአምልኮ ስፍራው ጥያቄ በዮሐንስ 4 በግልጽ ተነሥቶ በግልጽ ተመልሷል፤ በሉቃስ 10 ግን ሳምራዊው ሳምራዊ ሆኖ ይመጣል፣ ሳምራዊ ሆኖ ይሄዳል። የምሳሌው ስለትም ይኸው ነው። እኛ ስለቱን አደንዝዘን እንናገራለን።

እስካሁን ያልኩት ለአዲስ አበባ መድረክም ይሆናል። ታሪኩ በወልዲያ፣ በመርሳ ወይም በሐራ ሲነገር ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ግሸን ያለችበት አምባሰል የሀብሩ ጎረቤት ነው። የ66ቱና የ77ቱ የሚባሉት ረኃቦች ያለፉት በዚሁ ሕዝብ ላይ ነው። 1980 ደግሞ በሁለቱ መካከል የምትገኝ፣ የዓለም ካሜራ ያልደረሰባት ዓመት ናት። በአዲስ አበባ ያለ አድማጭ ታሪኩን ሲሰማ ራሱን በአበበች ቦታ ያስቀምጣል፤ «እኔ ብሆን አነሣዋለሁ?» ይላል። በሐራ ያለ አድማጭ ግን ራሱን የሚያገኘው ከወዲያ ማዶ ነው። የሞተችው እናት የአክስቱ እኩያ ልትሆን ትችላለች። ሕፃኑ እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

በአተራረካችን ይህች እናት ስም የላትም፤ አትናገርም፤ የሌላ ሰው በጎነት እንዲታይ ብቻ መንገድ ዳር ተኝታለች። ሆኖም ሕፃኑ በሕይወት የተገኘው በማን ነው? ከአበበች በፊት ያ ልጅ እስከዚያች ሰዓት የቆየው በእናቱ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያዋ ታማኝ አገልጋይ እርሷ ናት። ወሎን የሬሳ መድረክ፣ ሌላውን አገር የአዳኝ ምንጭ አድርጎ የሚናገር ስብከት ለወሎ ሰው ወንጌል ሳይሆን ስድብ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ወሎዬው በትሕትና ይሰማል፤ ሲወጣም ምንም አይልም።

«አንድ ሰው ብቻ» የሚለውም ሐረግ ሊፈተሽ ይገባዋል። በገዛ ታሪካችን ያደረሰውን ጉዳት እናውቃለን። የ1899ኙ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሣ ለብዙ ዘመን የተጠራው ኦኔሲሞስ ነሲብ ብቻ ነበር። ይገባዋል፤ ከባርነት ወጥቶ ለሕዝቡ ቃሉን ያደረሰ ሰው ነው። ነገር ግን የልጅነቱን ቋንቋ ያጣውን ያህል የሚሞላለት ያስፈልገው ነበር፤ ቃላቱን፣ ተረቱንና ዘፈኑን ከትዝታዋ እያወጣች የሰበሰበችው አስቴር ገኖ ነበረች፤ እርሷም ከባርነት የወጣች ናት። የእርሷ ስም ወደ መድረካችን የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። ጀግናው አንድ መሆን አለበት ብሎ የሚጀምር አተራረክ ሁለተኛውን ሰው ይሰርዛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰረዘውም ሴት ነው። በወይዘሮ አበበችም ቤት ቢሆን ታላላቆቹ ልጆች ታናናሾቹን ሳያዝሉ፣ ውኃ ሳይቀዱ፣ እሳት ሳያነዱ ያ ሁሉ ልጅ አደገ ብሎ የሚያስብ ካለ ብዙ ልጅ ባለበት ቤት አልኖረም።

ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ 9፥36-42 ያደረገውን እዩ። ጣቢታን «ደቀ መዝሙር» ይላታል፤ በግሪኩ አዲስ ኪዳን ውስጥ ይህ ቃል በአንስታይ ጾታ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። ይህን የሚያህል ማዕርግ ከሰጣት በኋላ ግን ስለ እርሷ የሚናገረው ራሱ አይደለም፤ ጴጥሮስም አይደለም። መበለቶቹ ናቸው። እያለቀሱ ከእነርሱ ጋር ሳለች ያደረገችውን ቀሚስና ልብስ ያሳያሉ። ስንት ቀሚስ ነበር? ሉቃስ አይነግረንም። የተገለገሉት ራሳቸው ቆመው፣ ልብሱን በእጃቸው ይዘው ይመሰክራሉ። እኛ ደግሞ ቁጥር እንወዳለን፤ በድርጅቱ የተረዱት ከሚሊዮን በላይ ናቸው የሚለውን በኩራት እንጠቅሳለን፤ «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» የሚለውን ቅጽልም እንጨምራለን፤ የሰሜን ሸዋዋ ሴት ለመታወቅ የሌላ ሴት ስም ያስፈለጋት ይመስል። ከእነዚያ ልጆች አንዱ አድጎ ምን እንዳለ ሲጠቀስ ግን በመድረክ ላይ ሰምቼ አላውቅም።

በእኛ ዘንድ «ሕይወቱ ተለወጠ» ማለት ብዙውን ጊዜ ጌታን ተቀበለ ማለት ነው። ትክክለኛ አነጋገር ነው፤ ግን ብቻውን ሲቆም ይጠባል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ዘመን፣ በ1972፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትንና የሰውን ልማት ለይቶ መደገፍን ተቃውማ ነበር፤ ሰው አንድ ነው፣ አይከፈልም ብላ። ደብዳቤውን በየኮሌጆቻችን እናስተምራለን፤ ጥቅሱም ለፈተና ይመጣል። በስብከታችን ግን ዳቦው የመግቢያ ትኬት ሆኖ ይቀራል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በሐራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕርዳታችን ማጥመጃ ከሆነ ጎረቤቶቻችን ያውቁታል፤ ከእኛም ቀድመው ያውቁታል። ስለ ኢየሱስ በግልጽ እንናገር፤ ዳቦውንም ዳቦ ስለ ሆነ እንስጥ። ግሸን መንገድ ላይ ለነበረው ሕፃን የተጠየቀ ጥያቄ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገሩ ያለፈ ታሪክ ስላልሆነ ነው። በሀብሩ ወረዳ ባለው የጃራ መጠለያ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ኖረዋል፤ ከየጉባኤዎቻችን ጥቂት ብርድ ልብስና ዱቄት ይዘው ወደ እንደዚህ ያለ ስፍራ የሚሄዱ ወጣቶችም አሉ። ከእነርሱ አንዱ የአበበች ጎበናን ታሪክ እዚያ ለመናገር ቢነሣ፣ ከፊቱ ከተቀመጡት ሴቶች መካከል የሟች ጎረቤቷን ልጅ ከራሷ ልጆች ጋር የምታበላ ልትኖር ትችላለች። በመጠለያ ሕይወት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ታሪኩን ከመጀመሩ በፊት ይቀመጥና ይጠይቅ፤ ይህ ልጅ የማን ነው? እናቱ ማን ትባል ነበር? ከመጣ ስንት ጊዜው ነው? የትናንቱ ዱቄትስ ለስንት ሰው ደረሰ?