እስኪነጋ ይቆያል?

ቤት ለቤት በምሠራው የነርስነት ሥራ ቀን በቀን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ ጉዳዩ እስኪነጋ ይቆያል ወይስ አሁኑኑ ሆስፒታል? ዋርድ ሳለሁ እንዲህ አይከብደኝም ነበር። ተመልሼ አያለሁ፤ ተረኛ ሐኪሙም ቅርብ ነው። እዚህ ግን እኔ ስወጣ ታማሚው ከቤተሰቡ ጋር ይቀራል።

በሁዳዴ ጾም፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ግሊቤንክላሚድ የተባለ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናት ቤት ደረስኩ። ክኒኑን ማለዳ ውጠዋል፤ እህል ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ንግግራቸው ይኮላተፋል። «ሲስተር፣ ጾሙ አድክሟቸው ነው» አለችኝ ልጃቸው። ስኳራቸው 48 ወጣ። መዋጥ ስለሚችሉ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን ሰጠናቸው። (ጾሜን አስፈረሳችሁኝ ብለው ተቆጡ። ስኳሩም ውሃውም የጾም ነው፤ ያፈረስነው ሰዓቱን ነው።) ከ15 ደቂቃ በኋላ 97 ሆነ፤ ቤቱ እፎይ አለ።

እኔ ግን መጨነቅ የምጀምረው እዚህ ጋ ነው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን ኢንሱሊን አመንጪ እያለ የሚገፋ መድኃኒት ነው፤ ኃይሉ እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል፤ ኩላሊታቸው በደከመ አረጋውያን ላይ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የጠጡት ስኳር ቶሎ ያልቃል፣ ክኒኑ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሌሊት ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ምክንያቱ ቶሎ ሠርቶ ቶሎ የሚያልቀው ኢንሱሊን ቢሆን ኖሮ ምግብ አብልቼ፣ ደጋግሜ ለክቼ፣ ሐኪሙን አማክሬ እቤት ላቆያቸው እችል ነበር።

ቀጥሎ የጠየቅሁት ስለ ቤቱ ነው፦ ማታ አብሯቸው ማን ያድራል? የስኳር መለኪያ አላችሁ? ልጅቷ የሌሊት ተረኛ ናት፤ የሚቀሩት መለካት ያልለመደችው ሠራተኛና ትንሽ የልጅ ልጅ ናቸው። መለኪያው አለ፣ ስትሪፑ አልቋል። ይህ መልስ ለእኔ ከ97ቱ ይበልጥ ይመዝናል።

ባልደረቦቼ «ልቤ ነገረኝ» ማለት ይወዳሉ። ልብ ይነግራል፣ አልክድም። ነገር ግን ልባችን የነገረንን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙ ማስረዳት ካቃተን በስልክ ማዶ ያለው ሰው ምን ይወስን? ለሐኪሙ ደውዬ የክኒኑን ስም፣ የተዋጠበትን ሰዓት፣ ሁለቱን ቁጥሮች፣ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው አለመኖሩን ነገርኩት። ሆስፒታል ይሂዱ አለ።

«ድኛለሁ እኮ ልጄ!» አሉ እማማ። ልጃቸውም ወጪውን አሰበች፤ አልፈረድኩባትም። «አሁንማ ደህና ነዎት እማማ፤ እኔ የምፈራው ሌሊቱን ነው» አልኳቸው። ድንገተኛ ክፍል የትኛውን ክኒን እንደወሰዱ መጠየቁ አይቀርምና፣ የክኒኑን ማሸጊያ ለልጅቷ ሰጥቼ ታክሲ ጠራን።