ባቱን ሳታዩ ውስጥ እግሩን አትሹ

«ጋሼ፣ ለውስጥ እግር ሕመም የሚሆነው ጫማ የትኛው ነው?» ብላ የጠየቀችኝ ከአርሲ መጥታ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሀና ማርያም ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖር ወጣት ሯጭ ናት። እኔ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ወጌሻ አይቷት ነበር። በክርኑ ተጭኖ፣ እንባዋ እስኪመጣ አሽቶ፣ «ቋጠሮው ተፈቷል» ብሎ ሸኛት። በማግስቱ ጠዋት ከፍራሿ ስትነሳ ተረከዟን መርገጥ አቃታት።

የምጽፈው ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ለዚያ ወጌሻና ለሌሎች የሙያ ባልደረቦቼም ጭምር ነው። ፕላንታር ፋሻይተስ የሚባለው ይህ የውስጥ እግር ሕመም ምን እንደሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደሚብስ ታውቁታላችሁና ወደዚያ አልገባም። የማልስማማው በአንድ ነገር ነው። ሕመሙ ከታች ስለተሰማ መድኃኒቱም ከታች ነው ብላችሁ ትይዛላችሁ። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ውስጥ እግሩ የታመመበት ሯጭ ሲመጣ መጀመሪያ ባቱን እዩ።

የጥጥ መንደፊያ ደጋን ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። የእግር አጥንቶች ጎባጣው እንጨት ናቸው፤ ከተረከዝ ተነስቶ ጣቶች ሥር የሚደርሰው ወፍራም ጅማት አውታሩ ነው። ተረከዝ ከመሬት ተነስቶ አውራ ጣት ሲታጠፍ አውታሩ ይወጠራል፣ ጎድጓዳው ከፍ ይላል፣ እግሩም ጸንቶ መሬቱን ይገፋል። ሂክስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን በ1954 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ተረከዙን የሚያነሳው ማነው? ባት ነው። ባቱ ሲደክም ወይም ሲኮማተር ቁርጭምጭሚቱ እንደልቡ አይታጠፍም፤ ያ ሁሉ ጫና መሄጃ ሲያጣ በታችኛው ጅማት ላይ ያርፋል። ሯጩ በሳምንት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ከሆነ ጅማቱ መቼ ያርፋል?

እንግዲህ ይህን የዛለ ጅማት በክርን መጫን ምን ይጨምርለታል? በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቀዶ ጥገና የተወሰዱ 50 ናሙናዎች ሲመረመሩ የታየው የጅማቱ መጎዳት እንጂ ብግነት አልነበረም። የተጎዳ ጅማት በልክ የተሰጠ ሥራ ያጠነክረዋል። የበረዶ ጠርሙስ እግር ሥር ሲንከባለል ደስ ይላል፤ ከፈለጋችሁ አንከባልሉ፤ ሕክምና ነው ብላችሁ ግን ገንዘብ አትቀበሉበት።

እኔ የማደርገው ይኸውላችሁ። ልጅቷን በባዶ እግሯ በአንድ እግር አቆምኳት፤ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ ግድግዳ በጣቷ ብቻ እየነካች ተረከዟን አንስታ እንድትመልስ ነገርኳት። በጤነኛው እግሯ ሳትቸገር ቀጠለች፤ በታመመው ግን ገና ከጅምሩ ተረከዟ ከፍታውን እያጣ፣ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ እየወደቀ ሄደ። አሥር ኪሎ ሜትር በፍጥነት የምትሮጥ ልጅ ናት! ይህን ያላየ ወጌሻ ውስጥ እግሯን ዓመት ሙሉ ቢያሸው አይደንቀኝም።

ከዚያ ፎጣ ጠቅልላ ከጣቶቿ ሥር እንድታደርግና ደረጃ ጫፍ ላይ እንድትቆም አደረግኩ። ፎጣው ጣቶቹን ወደ ላይ ስለሚያጥፍ ባቱ ሲሠራ ታችኛው ጅማትም አብሮ ይሠራል። ሦስት ሰከንድ ወደ ላይ፣ ሁለት ሰከንድ እዚያው መቆየት፣ ሦስት ሰከንድ ወደ ታች፤ በየሁለት ቀኑ። ሲቀላት ቦርሳ ውስጥ መጽሐፍ ወይም የታሸገ ውኃ ጨምራ ትሸከማለች። ይህን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ዴንማርክ ውስጥ በ48 ታማሚዎች ላይ ተሞክሯል፤ በሦስተኛው ወር ይህን የሠሩት እግር ብቻ ካሳሳቡት በግልጽ ተሽለው ተገኙ። በዓመቱ ሁለቱም ወገን ተቀራርቧል፤ ይህንም መደበቅ አልፈልግም። ለሯጭ ግን በሦስተኛው ወርና በዓመቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ የውድድር ዘመን ነው።

ማሳሳቡንም አልንቅም። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ እግርን ጉልበት ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን ወደ ቅልጥም መሳብ የመጀመሪያዋን እርምጃ ያቀላል። የደረጃው ልምምድ ሲሠራ ትንሽ ቢያም ችግር የለውም። መለኪያው በማግስቱ ጠዋት ነው፦ የመጀመሪያዋ እርምጃ ከትናንቱ ከከፋች በዝቷል፣ ይቀነስ።

አንድ ነገር ላይ ግን ፈጽሞ አልደራደርም። ሕመሙ ከታች ሳይሆን ከላይ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ባለችው አጥንት ላይ ከሆነና በጣት ስትነኳት ሯጩ እግሩን ከነጠቀ እጃችሁን አንሱ። ያቺ አጥንት ልትሰነጠቅ ትችላለች፤ ተራ ራጅም ብዙ ጊዜ አያሳያትም። ሩጫ ይቁም፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ወዳለበት ሐኪም ይላክ። እሷን አሽቶ ወደ ልምምድ የሚመልስ ሰው የልጅን እንጀራ ይሰብራል። ውስጥ እግር ላይ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌም እንዲሁ ያሳስበኛል። ለሳምንታት ያስታግሳል፤ ጅማቱን የመበጠስ አደጋ ግን አለው፤ ሕመም የማይሰማው ሯጭ ደግሞ አያርፍም።

ወደ ጫማው ልመለስ። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር እግሯ ላይ የነበረው አዲዳስ 138 ግራም ነበር የሚመዝነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ የካርቦን ጫማ ይጠይቀኛል። ያ ጫማ ግን በአምራቹ አነጋገር የተሠራው ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መለማመጃ ነው። ልጆቻችን የሚገዙት ደግሞ ከታላላቅ አትሌቶች እጅ የወጣ፣ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ስፖንጁ የሞተ ጫማ ነው፤ በዚያ በየቀኑ ይለማመዱበታል። ለዕለት ልምምድ የምመክረው ሶሉ ያልተንጋደደ፣ ከፊቱ ለጣት ስፋት ያለው ተራ ጫማ ነው። ሕመሙ እስኪበርድ ውስጡ ደጋፊ ሶል ቢጨመር አልቃወምም፤ የባትን ሥራ ግን አይተካም።

ከሌላው ወገን ደግሞ አንድ አሠልጣኝ ወዳጄ አለ፤ ጫማ ነው እግር የሚያበላሸው ባይ ነው፤ ልጆቹን በባዶ እግር ያስሮጣል። «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ምን አድርጎ ነበር?» ይለኛል። እውነት ነው፤ በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ 2:15:16 ገባ። ነገር ግን አበበ ከደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ከጃቶ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ አፈርና ድንጋይ እየረገጠ ያደገ ሰው ነው። እግሩን ሮም ላይ አላሠለጠነውም። ደግሞስ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ሳምንታት ብቻ አልፈው፣ 2:12:11 አልገባም? ጫማ አድርጎም፣ ሳያደርግም ያሸነፈው ያው እግር ነው። በኮንዶሚኒየም ሲሚንቶ ላይ በነጠላ ጫማ ያደገ የከተማ ልጅን በአንድ ጠዋት ጫማውን አስወልቆ ኮብልስቶን ላይ መልቀቅ ሌላ ነገር ነው። ይህን ስለው ይቆጣል፤ እኔም እቆጣለሁ፤ ቡና ጠጥተን እንለያያለን።

ባት ስል ብዙዎች የሚያስቡት መሮጫ ጡንቻ ብቻ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሎምፒክ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው የተረከዝ ጅማቱ እየታመመ ነበር፤ ከውድድሩ በኋላም ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ያ ጅማት የባት ጫፍ ነው። ባትን፣ የተረከዝን ጅማትና ውስጥ እግርን ለየብቻ የሚያክም ሰው አንዱን ሲያድን ሌላውን ያሳምማል።

መሬቱም ሊዘነጋ አይገባም። እኔ ሀና ማርያም ስገባ ከቤቴ ጀርባ ሽንብራና ጤፍ ይዘራ ነበር። ጥቁር አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ላይ እየተለጠፈ ያከብደዋል፤ ቢሆንም ለስላሳ መሮጫ ነበር። ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። በክረምት ጭቃውን የሚሸሽ ሯጭ ሁሉ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አስፋልት ይወጣል፣ የሰፈሩን ኮብልስቶን እየረገጠ ይመለሳል። ውስጥ እግር የታመመባቸው ልጆች እኔ ዘንድ የሚበዙትም በነሐሴና በመስከረም ነው። ስለዚህ ሯጭ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የት ያምሃል?» አይደለም። «ባለፉት ሳምንታት ምን ቀየርክ?» እለዋለሁ። መሬት፣ ጫማ፣ ቁልቁለት፣ ስፒድ፤ ከአራቱ አንዱ ሳይኖርበት አይቀርም።

መጠየቅን የተማርኩት ከአባቴ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከበቅሎ የወደቀውን፣ ከዛፍ የተንሸራተተውን ሁሉ የሚጠግን ወጌሻ ነበር። በሽተኛ ሲመጣ ወዲያው እጁን አያሳርፍበትም፤ «ሂድ፣ ተመለስ» እያለ ያስኬደዋል፣ ከደጃፉ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል። ልጅ ሆኜ ይህ ያሰለቸኝ ነበር። እሱ ሲሞት የተረፈኝ ሀብት ግን ይኸው ዓይን ነው። እኔም ሯጭ ሆኜ ለክለብ ሮጬአለሁ፤ ስም ያወጣሁበት አይደለም። አሁን ንጋት ላይ በራፌን ከፍቼ ስቀመጥ ልጆቹ በቡድን ሲያልፉ ከኮቴያቸው ብቻ ማን እያነከሰ እንደሆነ እለያለሁ። ብዙዎቹ ሕመማቸውን ከአሠልጣኝም ከማናጀርም ይደብቃሉ። ውድድር ከቀረ የቤት ኪራይ፣ ለእናት የሚላክ ገንዘብ፣ የታናሽ ወንድም ትምህርት አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ማታ ማታ ነው የሚመጡት፣ ማንም እንዳያያቸው። «ሦስት ወር» ስላቸው ፊታቸው ይወድቃል። ያን ፊት ችዬ፣ የውሸት ተስፋ ሳልሰጥ፣ በየሁለት ቀኑ ደረጃው ላይ ቆመው ሲሠሩ አብሬ መቁጠር ሥራዬ ሆኗል። ከሁሉ በላይ የምወደውም ይህን ነው።

አሠልጣኞች ሆይ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከልምምድ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ለባት ማንሳት ሃያ ደቂቃ ስጡ፤ ደረጃና ፎጣ እንጂ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም። ልጅ እግሩን ሲያመው ሳይፈራ ለእናንተ እንዲናገር አድርጉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተናገረ ልጅ ሩጫውን ቀነስ አድርጎ ይቀጥላል፣ ደብቆ የቆየው ግን ክረምቱን ሙሉ ይቀመጣል።