የሰሌዳው ቁጥርና የሞተሩ ክንድ

ፖሎሉ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው «ማይክሮ ማኤስትሮ» በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ የሰርቮ ሞተር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው። ክብደቱ 5 ግራም ባይሞላም 6 ሰርቮዎችን ለየብቻ ያዛል። ትእዛዙን በውስጡ ስለሚይዝም ከኮምፒዩተሩ ተነጥሎ ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግነው ነው።

ይሁን እንጂ በመግለጫው ላይ የሰፈረው 0.25 ማይክሮሰከንድ ተማሪውን እንዳያሳስት ያሠጋል። ሰርቮ የሚቆምበትን ማዕዘን የሚያውቀው ከሚላክለት ምልክት ርዝመት ነው። ምልክቱ ከ1,000 እስከ 2,000 ማይክሮሰከንድ ሲረዝም ክንዱ 90 ዲግሪ ይዞራል ብንል፣ 0.25 ማይክሮሰከንድ 0.0225 ዲግሪ ይሆናል። ነገር ግን ሞተሩ ከ10 ማይክሮሰከንድ ያነሰ ለውጥ የማይሰማው ከሆነ፣ 0.9 ዲግሪ የሚያህል ለውጥ እስኪታዘዝ ድረስ ንቅንቅ አይልም። እንግዲህ የተጻፈው ቁጥር የትእዛዙ ርቀት ነው፤ የክንዱ ትክክለኛነት ሌላ ነው።

ከዚህም በላይ ለሰርቮዎቹ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ከዩኤስቢው ሳይሆን ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት። ይህን ያልተረዳ ተማሪ የሰሌዳው መብራት በርቶ ሞተሩ ዝም ሲል ዕቃው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል።

ስለዚህ መምህሩ ሰሌዳውን ሲያስገዛ የኤሌክትሪክ ምንጩንም አብሮ ያስብ። ተማሪውም መግለጫውን ከመሸምደዱ በፊት የክንዱን መዞር በፕሮትራክተር ይለካ።